የመርከብ ደላላነት ለወሎ ወጣቶች፦ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች እንዲሁም ለማሪታይም ባለሥልጣን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የበላይ አመራር፣
ለደሴ ከተማ አስተዳደር፣
ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር፣
ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን፣
እንዲሁም ልጆቻቸውን አስመርቀው ሥራ ለሚጠብቁ የወሎ ወላጆች

ጉዳዩ፦ ወጣቶቻችን በመርከብ ኪራይ ደላላነት እንዲሠለጥኑ በር ስለመክፈት

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ በይፋ የምጽፈው ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ባለመሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል እንጂ ለተማረው ሁሉ ሥራ አይፈጥርም፤ ከተማ አስተዳደር ወጣቱን ያደራጃል፣ የመሥሪያ ቦታ ይሰጣል እንጂ እንዲህ ያለውን ሙያ ከራሱ አውጥቶ ሊያስተምር አይችልም፤ ማሪታይም ባለሥልጣንም ዘርፉን ይመራል፣ ይቆጣጠራል እንጂ ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ለእያንዳንዱ ተመራቂ መንገድ ሊያሳይ አይችልም። የምለው ነገር ከምኞት እንዲያልፍ ከተፈለገ ሁላችሁም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይኖርባችኋል፤ ስለዚህ ለሁላችሁም በአንድነት፣ ሕዝብም እንዲሰማው አድርጌ መጻፉን መረጥሁ።

እኔ ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሥራ የጀመርሁትም እዚያው፣ በአንድ የትራንዚተር ቢሮ ሰነድ በማመላለስ ነበር። ከዚያ ወደ ጅቡቲ ወርጄ በመርከብ ውክልና ሥራ ቆየሁ፤ አሁን የምተዳደረው በመርከብ ኪራይ ድለላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ለአገራችን የሚመጣ ማዳበሪያ ወይም ስንዴ የጫነ መርከብ በማን አማካይነት እንደተከራየ ስመለከት፣ በውሉ ግርጌ የማነበው የደላላ ስም ብዙውን ጊዜ የለንደን፣ የግሪኳ የፒሬየስ፣ የዱባይ ወይም የሲንጋፖር ቤት ነው። ዕቃው የእኛ፣ ኪራዩን የሚከፍለውም የእኛው ገንዘብ ሆኖ ሳለ፣ በመሃል ያለው እውቀትና የእውቀቱ ዋጋ ግን ሌላ አገር ይቀራል። ይህ ሁኔታ ሊለወጥ እንደሚችል፣ ለውጡም ከወሎ ሊጀመር እንደሚችል ከልቤ አምናለሁ።

ሙያውን ለማያውቁት አንባቢዎች በአጭሩ ልግለጸው። የመርከብ ደላላ ዕቃ የሚያስጭነውን ድርጅት ከባለመርከቡ ጋር አገናኝቶ፣ በዋጋውና በውሉ ቃል አስማምቶ፣ ጭነቱ ተራግፎ ሒሳቡ እስኪዘጋ ድረስ በመሃል ሆኖ የሚያስፈጽም ባለሙያ ነው። የራሱ መርከብ የለውም፤ የራሱ ዕቃም የለውም። አንዳንዱ እንደ እህል፣ ማዳበሪያና ከሰል ባለው ደረቅ ብትን ጭነት ላይ ይሠራል፤ ሌላው በነዳጅ ጫኝ መርከቦች፣ ሌላው ደግሞ በመርከብ ግዥና ሽያጭ ላይ ይሠማራል። መርከብ ለአንድ ጉዞ ብቻ ሊከራይ ይችላል፤ ለተወሰነ ጊዜ ከነሠራተኛው ሊከራይ ይችላል፤ ያለ ሠራተኛ ባዶውንም ሊከራይ ይችላል። ለእኛ አገር በቅርብ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው፣ ማለትም የብትን ጭነት የጉዞ ኪራይ ስለሆነ ከዚህ በታች የምናገረው በዋናነት ስለ እርሱ ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንድ ገዥ 50,000 ቶን ማዳበሪያ ከሞሮኮው የጆርፍ ላስፋር ወደብ ወደ ጅቡቲ ማስመጣት ፈለገ እንበል። ደላላው መጀመሪያ የጭነቱን ዝርዝር በአጭር መልእክት አዘጋጅቶ ለሚያውቃቸው ባለመርከቦችና ደላሎች ይልካል። በዚያ መልእክት የጭነቱ ዓይነትና መጠን፣ ሁለቱ ወደቦች፣ መርከቡ ለመጫን መድረስ ያለበት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን፣ በቀን ስንት ቶን እንደሚጫንና እንደሚራገፍ፣ የኮሚሽኑም መቶኛ ይገለጻል። ባለመርከቦቹ ደግሞ የመርከባቸውን ስም፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የመሸከም አቅሙን፣ የራሱ ክሬን ያለው መሆን አለመሆኑን፣ በአሁኑ ሰዓት የት ወደብ ላይ እንዳለ ጠቅሰው ይመልሳሉ። ሁለቱ ወገኖች ሲፈላለጉ ጽኑ የሚባለው አቅርቦት ይመጣል፤ ይህ አቅርቦት የሰዓት ገደብ ያለው ሲሆን ሰዓቱ ካለፈ ባለመርከቡ ነጻ ነው፣ መርከቡን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ዋጋውና የውሉ ቃል በኢሜይልና በስልክ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ሲስማሙም ነገሩ በቅድመ ሁኔታ ይያዛል፣ ለምሳሌ የተከራዩ ቦርድ እስኪያጸድቅ ወይም ጭነቱ መኖሩን ሻጩ እስኪያረጋግጥ ድረስ። ቅድመ ሁኔታዎቹ ሁሉ ሲነሡ ብቻ ፊክስቸሩ፣ ማለትም የኪራይ ስምምነቱ፣ ተዘጋ ይባላል። ደላላው ወዲያው ሪካፕ ይጽፋል፤ ሪካፕ የተስማሙበትን እያንዳንዱን ነጥብ በዝርዝር የያዘ ጽሑፍ ሲሆን፣ ዝርዝሩ ቻርተር ፓርቲ በሚባለው ሙሉ ውል ላይ እስኪሰፍር ድረስ ሁለቱን ወገኖች የሚያስተሳስራቸው እርሱ ነው።

በዚህ መካከል ደላላው ለደንበኛው ማሳወቅ ያለበት ብዙ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር ላይ መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ፣ ከሜዲትራኒያን በስዊዝ ቦይ አልፎ ባብ ኤል መንደብን ተሻግሮ ጅቡቲ የሚደርሰው መንገድ ሌላ መልክ ያዘ። አንዳንዱ ባለመርከብ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሬ ካልሆነ አልመጣም አለ፤ ሌላው በስዊዝ እመጣለሁ፣ ግን የጦርነት ስጋት መድኑን ተጨማሪ ክፍያ ተከራዩ ይሸፍን አለ። በውሉ ላይ ይህ ወጪ በማን እንደሚሸፈን ያልተጻፈ እንደሆነ መርከቡ መንገድ ላይ እያለ ክርክር ይነሣል። ይህን አስቀድሞ አይቶ በውሉ እንዲገባ የሚያደርግ ሰው የሚከፈለው ገንዘብ ይገባዋል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ እኔ በግሌ ለሙያው ያለኝ አክብሮት የመጣው እንዲህ ካሉ ጥቃቅን ነገሮች ነውና። ብዙዎቹ የጉዞ ኪራይ ውሎች የሚነሡት ጌንኮን ከሚባለው ቅጽ ነው፤ ቅጹ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣ ሲሆን ዛሬ የሚያሳትመው በኮፐንሃገን የሚገኘው ቢምኮ የተባለው ዓለም አቀፍ የመርከብ ዘርፍ ማኅበር ነው፤ በ1976፣ በ1994 እና በ2022 ተሻሽሏል። ተከራዩ ጭነቱን ለመጫንና ለማራገፍ የተፈቀደለት ጊዜ ሌይታይም ይባላል። ይህ ጊዜ ሲቆጠር እሑድና በዓላት፣ ካልተሠራባቸው በቀር፣ አይቆጠሩም የሚል ሐረግ በአውሮፓ የተለመደ ነው። የጅቡቲ የዕረፍት ቀን ግን ዓርብ ነው። ሐረጉ ሳይለወጥ እንዳለ ወደ ጅቡቲ ውል የገባ እንደሆነ፣ ዓርብ ሥራ ቢቆም ቀኑ በተከራዩ ላይ ይቆጠራል፤ እሑድ ደግሞ ሥራ ስለሚሠራበት እርሱም ይቆጠራል። ተከራዩ በሁለቱም በኩል ይጎዳል። አንዲት ቃል፣ እሑድ የምትለው ወደ ዓርብ ብትለወጥ ኖሮ የሚቀር ጉዳት ነው። ለንደን ላይ ተቀምጦ የሚዋዋለው ደላላ ይህን አያውቅም አልልም፤ ነገር ግን ዓርብ ቀን የሱቅ መዝጊያ በሚወርድበት ሰፈር ያደገ የወሎ ልጅ ማንም ሳይነግረው የሚያስተውለው ነገር ነው።

በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። የማራገፊያው ልክ በቀን 5,000 ቶን ቢሆን ለ50,000 ቶን የተፈቀደው ጊዜ 10 ቀን ነው። ማራገፉ 14 ቀን ቢፈጅና ዲመሬጁ፣ ማለትም ከተፈቀደው ጊዜ በላይ መርከቡ ለቆየበት የሚከፈለው ካሳ፣ በቀን 18,000 ዶላር ቢሆን፣ ተከራዩ ከመደበኛው ኪራይ በላይ 72,000 ዶላር ይከፍላል። በአንጻሩ ቀድሞ ካራገፈ ባለመርከቡ በተለምዶ የዲመሬጁን ግማሽ በዲስፓች ስም ይመልስለታል። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል የወሰድኋቸው ቢሆኑም ስሌቱ በየዕለቱ የሚሠራበት ነው። ዲመሬጅ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፤ ውሎ አድሮም በማዳበሪያው ዋጋ ላይ ተደምሮ ቃሉ፣ ተሁለደሬና ራያ ቆቦ ያለው ገበሬ ደጅ ይደርሳል። ገበሬው ዲመሬጅ የሚባል ነገር መኖሩን ሳይሰማ ይከፍለዋል።

ወሎ የመርከብና የወደብ መዘግየት ምን እንደሚያመጣ ከሌላው ቀድሞ የተማረ አገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ሕዝቡ በባቲና በኮረም መጠለያዎች ምግብ ሲጠብቅ፣ የእርዳታው እህል በአሰብ ወደብ በኩል ይገባ ነበር፤ ወደቡ ተጨናንቆ፣ የጭነት መኪናም አልበቃ ብሎ እህል ወደብ ላይ የተከማቸበት ጊዜ ነበር። ይህን የማነሣው ሐዘን ለመቀስቀስ አይደለም። የባሕር ጭነት ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሕዝብ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን የወሎ ሰው ከራሱ ታሪክ ስለሚያውቅ፣ ይህን ሙያ የሩቅ ሰዎች ሥራ አድርጎ ሊመለከተው አይገባም ለማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አቀማመጣችን። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም በሰመራና በጋላፊ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ በደጃችን ያልፋል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፤ ጉምሩክ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። በከተማዋ ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚባለውን የባሕር ጭነት ሰነድ ማንበብ የሚችሉ፣ የዕቃ ሰነድ ሲጎድል በዓይናቸው የሚለዩ ትራንዚተሮች ሞልተዋል፤ የብዙዎቹ ልጆች ግን ዲግሪ ይዘው ቤት ተቀምጠዋል። የሰዓቱም ነገር አለ። የእኛ ሰዓት በአውሮፓ የብርድ ወራት ከለንደን በሦስት ሰዓት ይቀድማል፣ ከሲንጋፖር ደግሞ በአምስት ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ ኮምቦልቻ የተቀመጠ ሰው ጠዋት ከሲንጋፖር ጋር፣ ከቀትር በኋላ ከለንደንና ከፒሬየስ ጋር በአንድ የሥራ ቀን ሊነጋገር ይችላል። መርከብ ተከራይቶ ለማከራየት ደግሞ ባሕር ዳር መቀመጥ ግዴታ አይደለም። የስዊዘርላንዷ ጄኔቫ ባሕር ሳይኖራት የዓለም የሸቀጥና የመርከብ ኪራይ ንግድ ከሚካሄድባቸው ዋና ዋና ከተሞች አንዷ ናት።

የባቲን ሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው የዚህን ሙያ ጠባይ ለመረዳት አይቸገርም። እዚያ ከአፋር በረሃ ግመል ይዞ የሚመጣው ባለሀብትና ከደጋ የሚወርደው ገዥ ቋንቋቸውም ልማዳቸውም የተለያየ ሲሆን፣ በመሃላቸው የሚቆመው ደላላ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል፣ የከብቱን ባሕርይ ያውቃል፣ የገዥውንም አቅም ይገምታል። ከሁሉም በላይ ሁለቱም በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሰው እንደሚያገኙት ስለሚያውቁ አይዋሻቸውም። የመርከብ ደላላም የሚኖረው በዚሁ ነው። በለንደን ባልቲክ ኤክስቼንጅ የሚባለው የመርከብ ኪራይ ገበያ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1744 የነጋዴዎችና የመርከብ አዛዦች መገናኛ የነበረ የቡና ቤት ሲሆን፣ መፈክሩ ቃላችን ማሰሪያችን ነው የሚል ነው። አባቶቹ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጠፋ» ሲሉ የኖሩ ሕዝብ ይህን መርሕ ከውጭ መዋስ አያስፈልገውም።

ለወላጆች አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ደላላ ሲባል በብዙ ቤት የሚታሰበው ዋጋ የሚያንር፣ ሻጭና ገዥን አምታቶ በመሃል የሚበላ ሰው ነው፤ ልጄን ለዚህ ነው ያስተማርሁት የሚል አባትና እናት እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የመርከብ ደላላ ኮሚሽን ግን በውሉ ላይ በግልጽ የተጻፈ፣ ሁለቱም ወገኖች አይተው የሚፈርሙበት ነው። በጉዞ ኪራይ የተለመደው ለአንድ ደላላ የመርከቡ ኪራይ 1.25 ከመቶ ሲሆን፣ በመርከብ ግዥና ሽያጭ 1 ከመቶ ያህል ነው። ከላይ ያነሣሁት 50,000 ቶን በቶን 40 ዶላር ቢጫን ኪራዩ 2 ሚሊዮን ዶላር፣ የአንዱ ደላላ ድርሻም 25,000 ዶላር ይሆናል። ይህን ሲሰሙ ልባቸው የሚዘል ወጣቶች ስለማይጠፉ ቀጥሎ ያለውንም እንዲያነቡ እለምናለሁ።

ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ጭነቱ ሲሳካ ብቻ ነው። ሳምንት ሙሉ የተደከመበት ድርድር በመጨረሻው ቀን ቅድመ ሁኔታው ሳይነሣ ቀርቶ ሊፈርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለደላላው የሚከፍለው የለም። ገበያውም ይዋዥቃል። የደረቅ ብትን ጭነት ኪራይ መለኪያ የሆነው የባልቲክ ድራይ ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 እስከ 11,793 ነጥብ ወጥቶ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወደ 663 ወርዷል፤ በፌብሩዋሪ 2016 ደግሞ 290 ደርሶ ነበር። ኪራይ ሲወድቅ ኮሚሽኑም አብሮ ይወድቃል። ደላላው የውሉ ተዋዋይ ባለመሆኑም ኮሚሽኑን የሚከለክለው ሰው ሲመጣ ለብዙ ዘመን በራሱ ስም መክሰስ ይቸገር ነበር፤ በእንግሊዝ ሕግ ይህ የተቃናው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የሦስተኛ ወገኖች መብት ሕግ ነው። ደላላው ያልተሰጠውን ሥልጣን ተሰጥቶኛል ብሎ ከተናገረ ደግሞ ኪሳራው በራሱ ላይ ይመጣል፤ ስለዚህ ነው በዓለም ላይ ያሉ ደላሎች የሙያ ተጠያቂነት መድን የሚገቡት። በሌለ ጭነትና በሌለ መርከብ ስም የሚያጭበረብሩም አሉ። ጀማሪ ደላላ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚያሳልፈው የሌላውን ፊክስቸር በመከታተል፣ የወደብ ሰነድ በመሰብሰብና ሌይታይም በማስላት እንጂ በትልልቅ ድርድር አይደለም። ይህ የጀማሪነት ጊዜ ሊዘለል አይገባም፤ እኔ እስከማውቀው ጥሩ ደላላ የሆነ ሰው ሁሉ በዚያ በኩል ያለፈ ነው።

ይህን ሁሉ ችግር እያወቅሁም ለወጣቶቻችን የምመክረው፣ አሁን የሚጠብቃቸው ሌላው መንገድ እጅግ ስለሚከብደኝ ነው። ከወሎ ገጠርና ከተማ የሚነሡ ልጆቻችን በዚያው በጅቡቲ በኩል እስከ ኦቦክ በእግርና በመኪና ተጉዘው፣ በተጨናነቀ ጀልባ ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ለመድረስ ሲሞክሩ በባሕር የቀሩትን ቤታችሁ ያውቃቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በደሴና በኮምቦልቻ የተዘጋውና የተጎዳው ድርጅት ብዛት ሥራ ፈላጊውን አበራክቶታል። የመርከብ ደላላነት ይህን ሁሉ ወጣት ሊቀጥር አይችልም፤ ሊቀጥር የሚችለው ጥቂቱን ነው። ነገር ግን በአንድ ከተማ እውቀቱ ያላቸው ጥቂት ሰዎች ሲኖሩ በዙሪያቸው የጭነት ኢንሹራንስ፣ የሰነድ ምርመራ፣ የሌይታይም ሒሳብ፣ የወደብ ክትትል ሥራ አብሮ ይበቅላል፤ በጅቡቲ በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ የሕግ፣ የንግድ ሥራ አመራርና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ፈቃደኛ የሆኑት በአንድ ሴሚስተር የሚወስዱት የመርከብ ኪራይ ትምህርት እንዲከፈት እጠይቃለሁ። አዲስ የትምህርት ክፍል ማቋቋም አያስፈልግም፤ ያ ከተሞከረ ጉዳዩ ለዓመታት በኮሚቴ ውስጥ ይቆያል ብዬ እሰጋለሁ። ትምህርቱ ከንድፈ ሐሳብ ይልቅ በወረቀት ላይ የሚሠራ ይሁን። ተማሪው የጌንኮንን ቅጽ አንቀጽ በአንቀጽ ያንብብ፤ የመርከብ የመድረሻ ማስታወቂያና የወደብ የሰዓት መዝገብ ተሰጥቶት ሌይታይም ያስላ፤ ሁለት ቡድን ሆነው በኢሜይል ይደራደሩ፤ ሪካፕ ይጻፉ፤ የጻፉትንም ሌላው ቡድን ስሕተት ፈልጎ ያርመው። የ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕጋችን የመርከብ ኪራይ ውልን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ስላሉት የሕግ መምህራኑ ከዚያ ቢጀምሩ፣ ቀጥሎም አብዛኛው ውል የሚዳኝበትን የእንግሊዝን ሕግና የለንደንን የግልግል ዳኝነት አሠራር ቢያስተምሩ መልካም ነው። እንግሊዝኛው ላይ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል። የሚፈለገው አጭር፣ ለሁለት ትርጉም የማይጋለጥ የንግድ ደብዳቤ መጻፍ እንጂ የተዋበ ድርሰት አይደለም።

ከትምህርቱ በኋላ በዓለም የሚታወቅ ማረጋገጫ የሚሰጠው በለንደን የሚገኘው የቻርተርድ ሺፕብሮከሮች ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1911 ተመሥርቶ በ1920 የንጉሣዊ ቻርተር ያገኘ ሲሆን፣ ተማሪዎች ባሉበት አገር ሆነው በርቀት እንዲማሩና እንዲፈተኑ ያደርጋል። ለእኛ ልጆች ትልቁ እንቅፋት ትምህርቱ ሳይሆን ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች ለወጣቶች ከሚመድቡት የተዘዋዋሪ ብድር ውስጥ ጥቂቱን ለዚህ ፈተና ክፍያ ቢያውሉትና ተበዳሪው ሥራ ሲይዝ እንዲመልስ ቢያደርጉ፣ ከተማችን ያሉ የባንክ ቅርንጫፎችም ክፍያውን በሕጋዊ መንገድ እንዲልኩ ባለሥልጣኑ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፍ እንቅፋቱ ይነሣል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የማይቋረጥ ኢንተርኔት ያለው አንድ የጋራ ቢሮ ይሰጠን። ወጣቶች ሲደራጁ የሚሰጣቸው ሼድ ለብረታ ብረትና ለእንጨት ሥራ ተስማሚ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን የሚያስፈልገው ዴስክ፣ ስልክና መስመር ነው። አቅርቦቱ የሰዓት ገደብ ባለው ሥራ ላይ ለአንድ ሰዓት የተቋረጠ መስመር መርከቡን ለሌላ ያሳልፋል።

ለማሪታይም ባለሥልጣን የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው፤ በእኔ አስተያየት ክብደት ያለውም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው፣ በመርከብ ኪራይ ድለላ ለመሠማራት የሚፈለገው የንግድ ፈቃድ፣ የሙያ ብቃትና የኮሚሽን አሰባሰብ አሠራር በቀላል አማርኛ ተጽፎ ለከተሞችና ለዩኒቨርሲቲዎች እንዲደርስ ነው። አንድ የደሴ ተመራቂ አዲስ አበባ ድረስ ሳይመላለስ ምን ማሟላት እንዳለበት አንብቦ መረዳት አለበት። ሁለተኛው ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ ማዳበሪያ፣ ስንዴና ሌላ ብትን ጭነት የሚያስመጡ ድርጅቶች መርከብ ሲከራዩ፣ የሚሠራላቸው የውጭ ደላላ ኢትዮጵያዊ ሠልጣኝ ይዞ እንዲሠራ በጨረታ ሰነዳቸው ላይ እንዲያስገቡ ባለሥልጣኑ እንዲያግባባልን ነው። አገራችን በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ማዳበሪያ ታስመጣለች። ይህን ያህል ጭነት ያለው ደንበኛ እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ ቢያስቀምጥ ደላሎቹ አይሸሹም፤ ጭነት ያለው ሰው በዚህ ገበያ ተፈላጊ ነውና። ሠልጣኙ የመጀመሪያውን ዓመት ዝም ብሎ ቢያዳምጥ እንኳ በቂ ነው። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲመሠረት ባሕረኞቻችን የሠለጠኑት ከሌሎች ጋር አብረው በመሥራት ነበር፤ ድለላውንም እንደዚያው ልንማረው እንችላለን።

ሌላም ነገር ልጠቁም። በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና በትራንዚተር ቢሮዎች ለተማሪዎች የልምምድ ቦታ ቢገኝ፣ ተማሪው ኮንቴይነር ሲዘገይ ክፍያው እንዴት እንደሚቆጠር፣ ሰነድ ሲሳሳት ዕቃ እንዴት እንደሚታገት በዓይኑ ያያል። ከወሎ የሚወጣውን ማሾ ወደ ውጭ የሚልኩ ነጋዴዎችም አሉን፤ ጭነታቸው በኮንቴይነር እንጂ በሙሉ መርከብ ባይሆንም፣ ዋጋ አወዳድሮ ቦታ የሚይዝላቸው የአገር ልጅ ቢያገኙ ለሁለቱም ይጠቅማል። ይህ ለጀማሪ የመጀመሪያ ደንበኛ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ለወጣቶቻችን የማሳስበው ፈቃድ ሳይጠብቁ ዛሬ ሊጀምሩ የሚችሉት ነገር መኖሩን ነው። የዓለምን ወደቦችና ባሕር መንገዶች በካርታ አጥኑ። የመርከብ ዓይነቶችን ከነአቅማቸው፣ ሃንዲሳይዝ ከሚባሉት ትንንሾቹ እስከ ኬፕሳይዝ ከሚባሉት ትልልቆቹ ለዩ፤ እያንዳንዱ ምን እንደሚጭንና የት ወደብ መግባት እንደማይችል እወቁ። የነዳጅ ዋጋንና የኪራይ ገበያውን በየቀኑ ተከታተሉ፤ ዓረብኛ የምታውቁ አትተዉት፣ ከባሕረ ሰላጤ ወደቦች ጋር ለሚሠራ ሰው ሀብት ነውና። ሴት ልጆቻችንም በዚህ እንዲገቡ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ሥራው በጠረጴዛ፣ በስልክና በውል የሚሠራ ስለሆነ ሊያግዳቸው የሚችል ምክንያት አላይም።

የትምህርቱን ዝርዝር፣ የሌይታይም መልመጃዎችንና ስማቸው የተሰረዘ የናሙና ውሎችን በአማርኛ ማብራሪያ አዘጋጅቼአለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው በፈለገው መልክ አርሞ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ክፍያ አልጠይቅበትም። በዕረፍት ጊዜዬ ወደ አገር ስመለስ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተገኝቼ ያለ አበል ለማስተማር ፈቃደኛ ነኝ፤ በዚህ ሙያ ያሉ ሌሎች የአገር ልጆችንም አስተባብራለሁ። አራቱ መሥሪያ ቤቶች ከመጪው የትምህርት ዘመን ምዝገባ በፊት አንድ ጊዜ ተገናኝተው እንዲወያዩና እያንዳንዳቸው ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ባለሙያ እንዲመድቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

በመርከብ ኪራይ ሥራ ላይ የሚገኝ የኮምቦልቻ ተወላጅ